በእሳቱ ሰ የተጻፈችው

ሰኔ 9

ይህን ደብተር የገዛሁት የይለፍ ቃል ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት አሉ፤ ሦስቱ አይሠሩም። የቀረውን ገጽ ለራሴ ላድርገው።

ወረታ ከገባሁ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሦስት ክፍል ናት፤ በሯ ላይ «የሜዳው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ማስተባበሪያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። የኮምፒውተር ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው እንዳልካቸው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ያስረከበኝ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ፍላሽና «ፕሪንተሩን እንዳታምኚው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው።

አለቃችን አቶ ዓለምነህ ሲያስተዋውቁኝ «ትርሲት ትባላለች። ተምራ ነው የመጣችው። ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ የሚል ሰበብ አልሰማም» አሉ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለአምስት ተማሪ አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ቆሜ የማይ ነበርሁ። ይህን ማን ይጠይቀኛል?

ሰኔ 12

የውሃ ማፍያው አልሞቅ ስላለ «አይቲዋ ትጠራ» ተባለ። ሄድሁ። ሶኬቱ አልተሰካም። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ይርጋለም «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አሉኝ። የዛሬ ድሌ ይኸው ነው።

ሰኔ 20

ሥራው አሁን ገባኝ። ርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ይህን ይፋግ ተወልዶ የማያውቅ የለም። ድልድዩ ላይ ደስታው የሚባል ሰው ቀኑን ሙሉ ውሃውን ይጠብቃል። ውሃው ምሰሶው ላይ የተቀባውን ቀይ መስመር ሲያልፍ ይደውልልኛል። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ «ላክ» የሚለውን እጫናለሁ። መልእክቱ በየጎጡ ላለ ተቀባይ ስልክ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ደጁ ላይ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ በብረት ይቀጠቅጣል፤ ሰው ከብቱን ነድቶ ወደ ከፍታ ይወጣል። ተቀባዮቹ ሠላሳ ሰባት ናቸው። ማንበብ የማይችልም አለ። ከእኛ ቁጥር መልእክት ከመጣ መምታት ብቻ ነው ያለበት።

ፕሮግራሙን ወደ አማርኛ የመለሰው እንዳልካቸው ነው። መልእክቱ ሲገባ «ደርሷል» ይላል። ደስ የሚል ቃል ነው።

ሰኔ 25

ከደስታው ጋር ጥቂት ጎጦች ዞረን የተቀባዮችን ስልክ አየን። ባጃጁ መንገዱ ካለቀበት ጥሎን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረብኝ። ደስታው «ከተሜዋ፣ እግርሽን ታቅፈሽ ልትሄጅ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። የይፋግ ልጅ ነኝ ብለው አላምን አለ።

የማልረሳት ሸምበቆ ዳር በምትባለው ጎጥ ያለችውን ንግስቲ አበረን ነው። ጎጧ ወንዙ አፍ ላይ ናት፤ ከሁሉ በፊት ውሃው የሚያገኘው እነሱን ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ስልኳን በጨርቅ ጠቅልላ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች።

«ማንበብ አልችልም፤ ግን የናንተን ቁጥር መልኩን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «መጨረሻው ላይ ሁለት ዓይን አለው።»

ሁለቱን ዜሮዎች ማለቷ ነው። የሙከራ መልእክት ላክሁላት፤ ዓይኖቹን አየቻቸውና እንደ ልጅ ሣቀች።

ታናሽ እህቷን አምሳልን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እናት አባታቸው የሉም። አምሳል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ አያርፍም። ቆርቆሮውን ልሞክረው ብዬ ስጠጋ «ተይ! ከመታሽው ጎጡ በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፤ ኋላ ምሳ ማብላቱ በአንቺ ላይ ነው» አለችኝ። ስንመለስ እስከ ማሳው ጫፍ ሸኘችን።

«ኮምፒውተር አታስተምሪኝም?»

«ክረምቱ ይለፍና» አልኋት።

ሐምሌ 3

አቶ ዓለምነህ አንድ ተቀባይ ፈልገው ስሙን ቢጽፉ ቢጽፉ ኮምፒውተሩ «የለም» አላቸው። ሰውየው አለ። እንዳልካቸው የጻፈው በሐመሩ ሐ፣ እሳቸው የሚፈልጉት በሃሌታው ሀ ነው። «ይህ ምን የሚሉት ዝርዝር ነው? አስተካክይው እንጂ! ለምን ተቀጠርሽ?» አሉኝ፤ ወይዘሮ ይርጋለም እየሰሙ። ጆሮዬ ጋለ።

ሐምሌ 5

እሑድ ነው፤ ግን ቢሮ ገብቼ ዋልሁ። ከኢንተርኔት እያየሁ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ሠ ሁሉ ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቢጽፉ ይገኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ተበላሸብኝ፤ በአሥራ ሁለተኛው ሠራ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያየልኝም የለም፤ ግን ሠራ።

ሐምሌ 6

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ዋናው ዝርዝር ላይ አስነሣሁት። እንደ ልብ ሄደ። መጨረሻ ላይ «አንድ ተደጋጋሚ ስም ተገኝቷል። ይጥፋ?» አለኝ። ከወዲያ አቶ ዓለምነህ «ፕሪንተሩ ወረቀት በላ!» እያሉ ይጮኻሉ። «አዎ» ብዬ ሮጥሁ።

ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሦስት ስም ሞከሩ፤ ሦስቱም ወጡላቸው። «መማር እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ የእኔ መሰለኝ።

ሐምሌ 7

ሥላሴ። አባቴ ደወሉ። መሪጌታ ጥሩብርሃን ሲባል በይፋግ ዙሪያ የማያውቃቸው የለም፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በአርጩሜ። በሥራዬ ልኩራራ ብዬ ያደረግሁትን ነገርኋቸው።

«ሠን ከሰ ቀላቀልሽው?»

«ድምፁ አንድ ነው እኮ፣ አባ።»

«ለጆሮ አንድ ነው። ለዓይን ሁለት ነው። ንጉሡ ሠ ሌላ፣ እሳቱ ሰ ሌላ። የጻፈው ሰው ምን ብሎ እንደጻፈው ጠይቀሻል?»

«ኮምፒውተሩ የቆሎ ተማሪ አልነበረማ!» ብዬ ቀለድሁ።

«ለመሆኑ ትበያለሽ?» ብለው ወሬ ለወጡ።

ሐምሌ 24

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሲወርድበት ሰው የሚቀጠቅጠው ይመስላል። የጉና ተራራ ከጠቆረ ሦስት ቀኑ ነው። ደስታው በየሰዓቱ ይደውላል። «ገና ነው። ገና ነው» ይለኛል።

ነሐሴ 2

8 ሰዓት። ደስታው ደወለ። ቀይ መስመሩ ተውጧል። «ላክ» የሚለውን ተጫንሁ።

8 ሰዓት ከአሥር። ደርሷል፦ 36 ከ36። መቶ በመቶ!

10 ሰዓት። ከዋርካ ሜዳ ጎጥ ደወሉ። ወጥተዋል። ከብቱም።

12 ሰዓት። ከሁሉም ጎጥ ተደውሏል። ከሸምበቆ ዳር ብቻ ዝም ነው። ኔትወርክ ይሆናል።

ነሐሴ 3

ኔትወርክ አይደለም። ሸምበቆ ዳር ቆርቆሮው አልተመታም። ውሃው የገባው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰው ሩዙን ሲያርም ነው የደረሰበት። የቻለ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ሮጧል፤ ያልቻለ ዛፍ ላይ ወጥቷል። አምሳል ጥጆቹን ልትመልስ ወደ ማሳው ወርዳ ነበር። እስካሁን አልተገኘችም።

አቶ ዓለምነህ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጡ። «የዚያ ጎጥ ተቀባይ ማን ናት?» አሉ። «ንግስቲ አበረ» አልሁ። ስሙን ጻፉት። ወጣ። «ይኸው! ንግስቲ አበረ፣ ደርሷል ይላል። ደርሷት ነው ዝም ያለችው» አሉና ተነሡ።

ከስሙ ጎን የጎጡ ስም ይጻፋል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ጭንቅላታቸው ስለከለለኝ አላየሁትም።

ነሐሴ 4

አምሳል ተገኘች። ሸምበቆው ይዟት ነበር።

ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝሁ። «የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ለሁሉም ተቀባዮች ደርሷል» ብዬ ጻፍሁ። አቶ ዓለምነህ ፈረሙበት፤ ወይዘሮ ይርጋለም ማኅተም መቱበት። ፕሪንተሩ ዛሬ ወረቀት አልበላም።

ነሐሴ 5

ዝርዝሩን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም።

ነሐሴ 6

ዛሬም።

ነሐሴ 9

አየሁት።

ንግስቲ አበረ፣ ዋርካ ሜዳ። ሸምበቆ ዳር የሚል መስመር ከላይ እስከ ታች የለም። ሠላሳ ስድስት። ሰኔ ላይ በዚህ ደብተር ሠላሳ ሰባት ብዬ የጻፍሁት እኔው ነኝ። በነሐሴ 2 ደግሞ «36 ከ36» ብዬ ቃለ አጋኖ ያደረግሁበት እኔው ነኝ።

እንዳልካቸው ጋ ደወልሁ። ድምፄን አስተካክዬ እንደ ዋዛ ጠየቅሁት።

«ሁለት ንግስቲ አበረ አሉ እኮ!» አለኝ። «ፕሮግራሙ አንድ ስም ሁለቴ አልቀበልም ብሎ ሲያስቸግረኝ የዋርካ ሜዳዋን በንጉሡ ሠ፣ የሸምበቆ ዳሯን በእሳቱ ሰ ጻፍኋቸው። አልነገርሁሽም?»

«አልነገርኸኝም።»

«ወረቀቱ ላይ ልጽፈው አስቤ ነበር። ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?»

«የለም» አልሁት።

ይኸው ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፍኋቸው። ሠ። ሰ። አንዷ እጆቿን ወደ ላይ ያነሣች ትመስላለች፤ አንዷ በሁለት እግሯ ቆማለች። እጆቿን ያነሣችው ተነገራት። የቆመችው እንደቆመች ቀረች።

እንዳልካቸው አልነገረኝም። አቶ ዓለምነህ አጣደፉኝ። ፕሮግራሙ የማንን ስም እንደሚያጠፋ አላሳየኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይህን ሁሉ ለአባቴ ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልደውልም።

ዝናቡ ጣሪያውን እየቀጠቀጠው ነው። ያን ቀን ያልተመታው ሁሉ ወደኔ የመጣ ይመስለኛል።

ነሐሴ 14

ንግስቲ መጣች።

ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ቀጥ ብላ ወደኔ ክፍል ገባችና ስልኩን ከጨርቁ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«መልእክቱን አውጪልኝ።»

«የትኛውን?»

«የዚያን ቀኑን። ደርሷታል ብላችሁ ጽፋችኋል አሉ፤ የጎጣችን ሽማግሌ አያ አንለይ ሪፖርቱን በሰው ፊት አስነበቡት። እኔ ያን ቀን ስልኩ ከአንገቴ አልወረደም። ሁለቱን ዓይን አላየሁም። ግን ኮምፒውተር ምን ብሎ ይዋሻል? እጄ ነክቶት እንደሆን እይልኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

ስልኩን ወሰድሁ። የእጇ ሙቀት አለበት። መልእክቶቹን ከፈትሁ። ሰኔ 25 የላክሁላት «ይህ ሙከራ ነው» አለ። ከዚያ በላይ ምንም የለም። እንደሌለ የማውቀውን ነገር ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። እያየችኝ ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋሁ ረጅም ጊዜ ፈለግሁ።

«የለም» አልኋት።

«አጥፍቸዋለኋ!»

«ኔትወርክም ሊሆን ይችላል፣ እትዬ ንግስቲ።»

«ኔትወርክ ከሆነ ደርሷል ለምን ይላል?»

«ውሃ ልስጥሽ?» አልኋት። ውሃ! ለእሷ! ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷ ግን ተቀብላ ጠጣች፤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ አደከምሁሽ» ብላኝ ወጣች።

ነሐሴ 17

የጠፋው ስም ጨርሶ አልጠፋም። ፕሮግራሙ «የተጣሉ» በሚል ቦታ ያኖረዋል። ስልክ ቁጥሯ እዚያ አለ። ምን እንደምላት ሳላስብ በራሴ ስልክ ደወልሁ።

«አቤት?» አለች። ዘጋሁት።

ደወለች። አነሣሁና ዝም አልሁ። «ማን ልበል?» አለች። ዘጋሁት።

እንደገና ደወለች። ማንሣት አልነበረብኝም፤ አነሣሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል። የእኔም ይሰማታል።

«ማንም ሁን» አለች በቀስታ። «ቆርቆሮውን ልምታው እንዴ?»

ነሐሴ 22

ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሴቶች መሀል ተቀምጫለሁ።

«ያች የሸምበቆ ዳሯ፣ ስልክ ተሰጥቷት ተኝታ ነው አሉ።»

«እህቷን በላቻት በያ!»

ባለ ባጃጁ ሳይዞር «ኮምፒውተሩ ደርሷል ነው የሚለው» አለ። «ሰው ቢዋሽ ኮምፒውተር አይዋሽም።»

ሳልደርስ ወረድሁ። በእግሬ ሄድሁ፤ በጭቃው። «ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ» ብል ምን ይሉ ነበር? ምንም አላልሁም። ፈሪ ነኝ። ይህን ሌላ ቦታ ስለማልለው እዚህ ልጻፈው፤ ፈሪ ነኝ።

ነሐሴ 29

እናቴ መክሳቴን አይታ ወንዛዬ ወሰደችኝ። «ፍል ውሃው ውስጥ ግቢ፤ እንቅልፍ ይመልስልሻል» አለች። ገባሁ። ውሃው እስከ አንገቴ ሲደርስ መተንፈስ አቃተኝ፤ ዘልዬ ወጣሁ። እናቴ «ሙቀቱ ነው» አለች። እኔም «ሙቀቱ ነው» አልሁ። በስተኋላችን አንዲት ሴት ጣሳዋን ከድንጋይ ጋር ታጋጫለች። ተይ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ያልተጠበቀ ዝናብ ወረደ። ልጆቹ ሁሉ ከቤት ወጥተው እየተጠመቁ ይጨፍራሉ። ከመስኮቱ ሳያቸው መፍትሔ መጣልኝ። ነገ ማንም ሳያይ ስሟን እመልሳታለሁ። የዋርካ ሜዳዋን መልሼ በንጉሡ ሠ እጽፋታለሁ፤ ዝርዝሩ እንደ ቀድሞው ሠላሳ ሰባት ይሆናል። ደግሞ ጎርፍ ቢመጣ ይነገራታል። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እችላለሁ? አምሳልን አልመልሳት።

ጳጉሜ 4

መለስኋት። ቀኑ ብራ ነው፤ ሰማዩ የታጠበ ይመስላል። ቀላል ነበር፤ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ። ፕሮግራሙ «ተቀባይ ተመልሷል። 1 የቆየ መልእክት ተልኳል። ደርሷል» አለኝ። የቆየ መልእክት ያለው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሌላ ጊዜ አየዋለሁ። ሠላሳ ሰባት። ከአንድ ወር በኋላ ዛሬ ምሳዬን ጨረስሁ።

ጳጉሜ 5

ጠዋት ደስታው ሊስቅ እየሞከረ ገባ፤ ፊቱ ግን አይስቅም። «ያች ንግስቲ ጨርሳ አበደች» አለ። «ትናንት በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮውን ትቀጠቅጥ ጀመር። ጎጡ በሙሉ ከብቱን ነድቶ፣ ሽማግሌ አዝሎ ጉብታው ላይ ወጣ። እስኪመሽ ጠበቁ። አንዲት ጠብታ የለም። አያ አንለይ ብረቱን ከእጇ ቀምተው ከቤታቸው ወሰዱት። ወንዝ አጠገብ እንዳትቀርብ ሰው ይጠብቃታል።»

የቆየው መልእክት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የተጣለ ተቀባይ ሲመለስ ፕሮግራሙ ያመለጠውን ይልክለታል። አላወቅሁም። አሁንም አላወቅሁም! ያችን ሴት ሁለተኛ ጊዜ በሰው ፊት አዋረድኋት፤ ለመካስ ብዬ።

እኩለ ቀን ላይ መጣች። የቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን አብሯት ነው። እሱ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፤ እንደዚያን ቀኑ።

«መጣ» አለች። «ሁለቱን ዓይን አየሁና መታሁ። ኋላ ዲያቆኑ አነበበልኝ። አንቺም አንብቢው።»

አነበብሁት። «ዛሬ ነሐሴ 2 ከቀኑ 8 ሰዓት ርብ ቀይ መስመሩን አልፏል። ከብት አውጡ። ወደ ከፍታ ውጡ።»

«የነሐሴ ነው» አለች። «አልጠፋም ነበር። እኔ አላጠፋሁትም ማለት ነው።» ድምፅዋ አልጮኸም። «ይህን ሁሉ ቀን የት ቆይቶ ነው?»

ኔትወርክ ማለት እችል ነበር። ታምነኝ ነበር። ወይዘሮ ይርጋለምም፣ አቶ ዓለምነህም፣ ጎጡም ያምነኝ ነበር። አፌን ስከፍት ኔትወርክ ልል መስሎኝ ነበር።

«እኔ ዘንድ» አልኋት።

ሁሉንም ነገርኋት። ስለ ሁለቱ ሰ፣ ስለ «ይጥፋ?»፣ ስለ ሪፖርቱ፣ ደውዬ ዝም ስላልሁት። እያለቀስሁ አልነበረም፤ ማልቀስ የእሷ ነው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትመታኝም ፈልጌ ነበር። ስልኩን በጨርቁ ጠቀለለችው።

«አርባዋ መስከረም 6 ነው» አለች። «መጥተሽ ይህንኑ እዚያ በዪልኝ። እኔ ብላቸው አያምኑኝም።»

መስከረም 2

አዲስ ዓመት ለእኔ አልመጣም። ያደረግሁትን ሁሉ ለአቶ ዓለምነህ በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሪፖርቱ አልፏል። ማን ጠየቀሽ?»

«ንግስቲ ጠየቀችኝ።»

«ከሥራ ልትወጪ ትችያለሽ። እኔም እጠየቃለሁ፤ ፊርማዬ አለበት።»

«አዎ» አልሁ። ሐምሌ 6 «አዎ» ያልሁት በሩጫ ነበር።

ማታ አባቴ ጋ ደወልሁ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ፊደሉን አላነሡብኝም። «ብቻሽን አትሄጅም» አሉ።

መስከረም 6

ሜዳው ቢጫ ሆኗል፤ ውሃው ከሸሸበት ሁሉ አደይ በቅሏል። አባቴ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ መቋሚያቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ከፊቴ ሄዱ።

ተዝካሩ በንግስቲ ደጅ ነበር። ካህናቱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ ንግስቲ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ «እንግዳዬ የምትለው አላት» አለች። ሰው ዞሮ አየኝ። አያ አንለይ የተባሉት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ኮምፒውተሩን፣ ዝርዝሩን፣ ፕሮግራሙን ላስረዳቸው ነበር። አንዱም አልመጣልኝ።

«መልእክቱ ለንግስቲ አልደረሳትም» አልሁ። «ስሟን ከዝርዝሩ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደርሷል ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። የትናንት በስቲያው ቆርቆሮም የእኔ ነው፤ የነሐሴውን ዘግይቶ የላክሁባት እኔ ነኝ። እሷ አላጠፋችም። እኔ አጠፋሁ።»

ቀኑን እንኳ ተሳስቻለሁ፤ ትናንት በስቲያ አልነበረም። ማንም አላረመኝም።

አንዲት ሴት እያነባች ተቀመጠች። አያ አንለይ ተነሥተው ወጡና ብረቱን ይዘው ተመለሱ፤ በሁለት እጃቸው ለንግስቲ ሰጧት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት።

ንግስቲ ብረቱን ተቀበለች። ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደኔ መጣች። አባቴ ከጎኔ ሲነቃነቁ ተሰማኝ፤ ግን አልከለከሏትም። ብረቱን እጄ ላይ አኖረችውና ደጁ ላይ ወደተንጠለጠለው ቆርቆሮ አመለከተችኝ።

«የዚያን ቀኑን ምቺው» አለች።

ሰኔ ላይ አምሳል ተይ ያለችኝ ቆርቆሮ ነው። መታሁት። ድምፁ በጣሪያዬ ላይ ሲሰማኝ የከረመው አይደለም፤ ከዚያ የሚያስፈራ ነው፤ እስከ ወንዙ ሄዶ ይመለሳል። ንግስቲ በቃ እስክትለኝ መታሁት። በቃ ለማለት ብዙ ቆየች። ማንም ወደ ጉብታው አልሮጠም። ሁሉም ቆመው ሰሙት።